ፋብሪካው ሁሉ ለምን አዳማ መንገድ ላይ ተሰለፈ?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አዳማ የምማር ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ አዳማ በተመላለስኩ ቁጥር በመስኮት የማየው ፋብሪካ ብቻ ነው። ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። አያቴ ጎንደር ድሮ የነጋዴ ከተማ ነበረች ይሉናል። ታዲያ ምን ነክቷት ቀረች? የተፈጥሮ ጉዳይ ነው ወይስ የመንግሥት አድልዎ? አጎቴ ደግሞ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። ፋብሪካ ሊከፍት አስቧል። እዚያው ጎንደር ይሻለዋል ወይስ ወደ ሞጆ ይምጣ?»

ወንድሜ፣ አንድ ብለህ የጠየቅከው ሦስት ጥያቄ ነው። የአጎትህን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ያለ ሌሎቹ አይመለስም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአያትህ ልጀምር። ልክ ናቸው። አፄ ፋሲል በ1636 አካባቢ ጎንደር ላይ ሲከትሙ የመረጡት ለቤተ መንግሥት የሚሆን ጉብታ ብቻ አልነበረም። ካርታ ዘርግተህ እይ። በሰሜን ምሥራቅ ምጽዋ አለች፤ የቀይ ባሕር በር። በምዕራብ መተማን አልፈህ ሱዳን፣ ስናር ትገባለህ። በደቡብ ደግሞ የጎጃሙ የባሶ ገበያ አለ፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና እየተሰበሰበ ወደ ሰሜን የሚጓዝበት። እውነቱን ለመናገር ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ከአፋር ረባዳ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል ይመጣል። እነዚህ መንገዶች የሚገናኙት ጎንደር ላይ ነበር። ነጋዴ ክረምቱን የሚያሳልፍባት፣ ዓባይ ሲሞላ የሚጠብቅባት፣ ስንቅና አጋሰስ የሚያዘጋጅባት ከተማ ነበረች።

ከዚያ ምን ሆነ? ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ዘረፏት። እሱ ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ ይድናል። የባሰው በኋላ መጣ። ጣልያን በ1885 ምጽዋን ያዘ። የሱዳኑ ድርቡሽ ጦር በመተማ በኩል ገብቶ በ1888 ጎንደርን አቃጠላት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለቱም በሮቿ ተዘጉ። በዚያው ጊዜ ፈረንሳዮች ጂቡቲ የምትባል አዲስ የወደብ ከተማ እየቆረቆሩ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ቀይ ባሕር የአውሮፓ መርከቦች አውራ ጎዳና ሆኗል። ለእንፋሎት መርከብ የድንጋይ ከሰል የሚሞላበት ቦታ ያስፈልጋል።

ጎንደር ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ተራራውም ዝናቡም አፈሩም ያው ነው። የሄዱባት በሮቹ ናቸው። ሰው ስለ መልክዓ ምድር ሲያወራ ስለ ተራራና ስለ ወንዝ ብቻ ያወራል። እኔን ብትጠይቀኝ ግን መጀመሪያ የማየው በሩ የት እንደሆነ ነው። አክሱምን ያለ ወደቧ አዱሊስ፣ ሐረርን ያለ ወደቧ ዘይላ አታስባቸውም። በሩ ሲዛወር ገንዘቡም ይከተለዋል።

አሁን ወደ አንተ መስኮት እንምጣ።

አገራችን አንድ ጠባይ አላት፤ ብዙ አገር ላይ አታገኘውም። በአብዛኛው ዓለም ሰው የሚበዛው ባሕር ዳርቻና የወንዝ መውረጃ ላይ ነው። እኛ ጋ ግን ሕዝቡ ደጋ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደጋው ዝናብ አለው፣ ጤፍና ገብስ ያበቅላል፣ ወባ የለበትም። በደጋውና በባሕሩ መካከል ደግሞ ዳገትና በረሃ አለ። ስለዚህ ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ ከዚያ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው ገዢውን የሚያገኘው። እንዲህ ያለ አገር ላይ ጥሩ መውጫ መንገድ ማለት ወርቅ ነው። ያሉት መውጫዎችም ጥቂት ናቸው።

የአዋሽ ሸለቆ አንዱ ነው። ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር የምሥራቁ ትልቅ ገበያ ናታ! ግን ዳገቱ አስቸገረ። ባቡር ዳገት አይወድም። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመና በ1902 ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተወለደች፤ ድሬዳዋ። መጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐረር እዚያው ላይ ሆና ቁልቁል እያየች፣ ድሬዳዋ ገበያዋን ወሰደችባት። ከፊት ከበቀለ ጆሮ ከኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ ይባል የለ?

ሐዲዱ ከዚያ በሜኤሶ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ)፣ በሞጆ፣ በደብረ ዘይት (በዛሬዋ ቢሾፍቱ) እያለ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ስሞቹን እያቸው። አንተ በመስኮት ያየሃቸው ከተሞች የዚያ ባቡር ጣቢያዎች ናቸው። መኪናው መንገድም ያንኑ ተከተለ። በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድም፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ያንኑ ተከተሉ። መቶ ዓመት ሙሉ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ። ለምን ቢባል፣ መሐንዲስ መንገድ ሲያወጣ ሁለት ነገር ያያል፤ መሬቱ የት ይተኛል፣ ሰው የት አለ። ሁለቱም መልሳቸው ያው ሆነ።

ግን ሜዳ መሆኑ ምን ያህል ነው የሚጠቅመው? ይህን በካርታ ላይ አታየውም። እኔም ያየሁት ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከዓመታት በፊት ለጥናት ብዬ ከባሕር ዳር በጭነት መኪና መጣሁ። ባለ ተሳቢ ነው፤ እህል ጭኗል። ደጀን ስንደርስ ሹፌሩ አቆመ። ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በብረት እየመታ ዞረ። ሹፌሩ ሻዩን ፉት አለና «ከዚህ በታች ፍሬን አይታመንም። የሚታመነው ማርሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ወረድን። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እንደ ኤሊ። የፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ዓባይ በረሃ ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ እንደገና ያንኑ የምትወጣበት ቦታ ነው። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ አዳማ 80 ኪሎ ሜትሩን ያው መኪና በአንድ ሰዓት ከምናምን ይጨርሰዋል።

የጭነት ባለንብረት ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የሚቆጥረው ምልልስ ነው። መኪናው በወር ስንት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ? ምልልሱ ካነሰ የእያንዳንዱ ኩንታል ዋጋ ይወደዳል። ጎማና ነዳጅ ከዚያ በላይ ይጨመራል። ስለዚህ ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች ሲባል እኔ ሌላ ቁጥር ነው የሚታየኝ። በሜዳ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በላይ ብዙ የሚያስኬድ ወጪ ነው።

«ታዲያ ወደብ መቅረብ ከሆነ ቁም ነገሩ፣ ለምን ድሬዳዋ አልሆነችም?» ትለኝ ይሆናል። ግሩም ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቼም ሁሌ እዚህ ላይ ይይዙኛል። ድሬዳዋ ከጂቡቲ በባቡር ወደ 310 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። አዲስ አበባ ከዚያ እጥፍ በላይ ትርቃለች። ከወጪ ንግድ አንጻር ብቻ ብናየው ድሬዳዋ ንግሥት መሆን ነበረባት።

ነገሩ የእኛ ፋብሪካ አብዛኛው ለውጭ አይደለም የሚሠራው። ጥሬ ዕቃውን ወይም ግማሹን ከውጭ ያመጣል፣ ምርቱን እዚሁ ይሸጣል። ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙና፣ ቀለም፣ ብረታ ብረት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሁለት ቦታ ይጎተታል፤ ወደ ወደቡና ወደ ገዢው። ገዢው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ በሁለቱ መካከል፣ ግን ለገዢው ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። ገላንና ዱከም ማለት ይኸው ነው። መሬቱ ከከተማው ይረክሳል፣ መርካቶ ግን በአንድ ሰዓት ትደርሳለህ።

ሞጆ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ደረቅ ወደቡ በ2009 ተከፈተ። ኤርትራ ከተለየች ወዲህ ባሕር የለንም። በ1998 ጦርነቱ ሲጀመር አሰብም ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ኮንቴይነሩ ጂቡቲ ላይ ይጫንና ጉምሩኩን ሞጆ መጥቶ ይፈጽማል። ማለትም ባሕሩ ርቆ ቢቀርም የወደቡ ሥራ ሞጆ መጣ። ሄደህ እይ። ኮንቴይነር እንደ ጡብ ተደርድሮ ታያለህ። አጥሩ ዙሪያ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተር ሰነዱን በፌስታል ይዞ ይሮጣል፣ ሹፌሮች ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፣ ሽሮ ቤቱና ጎሚስታው ሌሊትም አይዘጉ። ጭነት የሚራገፍበትና የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ከተማ ይወልዳል። ድሮ ጎንደር ላይ ነጋዴው ዓባይ እስኪጎድል ሲጠብቅም ነገሩ ይኸው ነበር፤ መጠበቅ ነው ከተማ የሚያደርገው።

እስካሁን የተናገርኩት ተፈጥሮና መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ተራራም ወንዝም አይደለም። ላለው ይጨመርለታል የሚለው ነው።

አንድ ማሽን ኩሽኔታው ተሰበረ እንበል። ጎንደር ያለ ባለፋብሪካ ለመርካቶ ይደውላል። ዕቃው ከተገኘ በአውቶቡስ ይላክለታል። በጥሩ ቀን ሁለት ቀን። ማሽኑ ቆሟል፣ ሠራተኛው ደመወዙን ይቆጥራል። ቃሊቲ ያለው ደግሞ ልጁን በሞተር ይልካል። ካልተገኘም ጎረቤት ያለው ቶርኖ ቤት አስመስሎ ይሠራለታል። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ይዞራል። ይህ ልዩነት በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? ያንን ደምረው። ያ ቶርኖ ቤት ለምን ቃሊቲ ተከፈተ? ፋብሪካ ስላለ። ፋብሪካው ለምን ቃሊቲ ተከፈተ? ቶርኖ ቤት ስላለ። ዙሩ አንዴ ከተጀመረ ማን ያስቆመዋል? ፖል ክሩግማን በ2008 የኖቤል ሽልማት ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ዙር በሒሳብ ማሳየቱ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ ግን ሒሳቡን ሳያይ ያውቀዋል። ጫማ ተራ ውስጥ ነው ጫማ ቤት የሚከፍተው፤ ገዢው ጫማ ፈልጎ የሚመጣው እዚያ ስለሆነ።

ይህ ዙር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አዲስ አበባ ራሷ ምስክር ናት። ከተማዋ በ1886 ተቆረቆረች። ብዙም ሳትቆይ ዙሪያዋ ማገዶ አለቀ። ያኔ ከተማ ማለት ማገዶ ነው፤ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ መሄድ የድሮ ልማድ ነበር። ምኒልክም በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መሥራት ጀምረው ነበር። ግን ቤተ መንግሥቱ ተሠርቷል፣ መኳንንቱ ሰፈር ሰፈሩን ይዟል፣ ገበያው ቆሟል። ባሕር ዛፍ መጣና ማገዶውን ፈታው። ከተማዋ ቀረች። ተፈጥሮ «ሂዱ» ብሎ ነበር እኮ! የተሠራው ቤት ነው «እንቢ» ያለው።

ስለ መንግሥት ደግሞ ልመልስልህ። አድልዎ ነው ወይ? የቃሉን ክብደት ለፖለቲከኞች ልተውና፣ መንግሥት ትልቅ ድርሻ አለው። ድርሻው ግን ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። ሰው የሚያየው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እኔ የበለጠ የማየው ፊርማ ነው። ለብዙ ዓመት ዶላር ለማግኘት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት መመላለስ ነበረብህ። ፈቃዱ አዲስ አበባ፣ ውክልናው አዲስ አበባ፣ የሚፈርመው ሰውዬ አዲስ አበባ። ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባልክ ነገ ትመጣለህ። የአዳማ መንገድ ባለሀብት ነገ ይመጣል። የጎንደሩ ግን ሆቴል ይይዛል ወይ አውሮፕላን ይቆርጣል። አንድ ወዳጄ በስንት ምልልስ ተሰላችቶ ማሽኑን ነቅሎ ዱከም ገባ። «ከመሥሪያ ቤቱ ወንበር ጋር ተዛምጃለሁ» እያለ ይቀልዳል። ይህ የተፈጥሮ ርቀት አይደለም፤ ሰው የሠራው ርቀት ነው።

ፓርኮቹም ቢሆኑ የራሳቸውን ትምህርት ሰጥተውናል። ሐዋሳ በ2016 ሲከፈት ሐሳቡ ሥራውን ከዚህ መስመር ማውጣት ነበር። ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ መላክ። ሐዋሳ ሰው አላት፣ ሐይቅ አላት። ባቡር ግን የላትም፤ ጨርቁ በመኪና ይገባል፣ ልብሱ በመኪና ይወጣል። ከዚያ በ2022 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የምንገባበት ዕድል ተነሳ። ለአንድ ገዢ የተሠራ ቦታ ገዢው ሲሄድ እንዴት እንደሚናጋ ያኔ አየን። ደብረ ብርሃን በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና ስታድግ ብዙ ሰው ተገረመ። እኔ አልተገረምኩም። የአዲስ አበባ መሬት ሲጠብና ሲወደድ ባለሀብቱ ዞር ዞር ብሎ ያገኛት ናት። ኩሽኔታው አሁንም በግማሽ ቀን ይደርሳል።

ኮምቦልቻን ግን ልብ በላት። ዕቃው በአሰብ በሚመጣበት ዘመን በአሰብ መንገድ ላይ ነበረች። በ1980ዎቹ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከዚያ ዘመን ነው። አሰብ ሲዘጋ እንደ ጎንደር ልትቀር ትችል ነበር። ያዳናት ከባቲ በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድ በጋላፊ ወደ ጂቡቲም መታጠፉ ነው። በሩ ተቀይሮም ከበሩ ብዙም አልራቀችም። ዕድል ነው።

እና ሁሉም ነገር ወደ አዳማ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከዕቃ ዕቃ ይለያያል።

ጭነት በኩንታል 300 ብር ነው እንበል። ሲሚንቶ ብትጭንበት የዋጋውን ትልቅ ክፍል ጭነቱ ይበላዋል። ቡና ብትጭንበት ጭነቱ አይታወቅም። ስለዚህ ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋዩ ያለበት ይሄዳል። ሙገር፣ ደርባ፣ ለሚ፣ መሰቦ፣ ሁሉም የኖራ ድንጋይ ያለበት ናቸው። ስኳርም ከሸንኮራው አይለይም፤ አንድ ኩንታል ስኳር ለማግኘት የምትጨምቀውን አገዳ ማን ይሸከምልሃል? ወንጂም መተሐራም ፊንጫም ማሳው ውስጥ ናቸው።

ቢራ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቢራ ውሃ ነው፤ በዚያ ላይ ጠርሙስ። ውሃን በጠርሙስ አድርጎ ዓባይ በረሃን ማሻገር ምን ይባላል? ለዚህ ነው እዚያው ጎንደር ዳሽን ያላችሁ። ሐረርም፣ በደሌም፣ ኮምቦልቻም ቢራ አላቸው። ሰው የከተማውን ቢራ እንደ ክብር ያየዋል። ከጀርባው ያለው ግን የጠርሙስ ክብደት ነው።

አበባና ሥጋ ደግሞ ወደባቸው ጂቡቲ አይደለም። ወደባቸው ቦሌ ነው። የተቆረጠ አበባ በሰዓት ነው የሚኖረው። የአበባ እርሻ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና ዝዋይ ዙሪያ የተሰበሰበው በጥቂት ሰዓት ቦሌ ስለሚደርስ ነው። ሥጋውን ተመልከት። ፍየሉ ቦረና ይወለዳል፣ ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ ይታረዳል፣ ዱባይ ወይም ጂዳ ይበላል። ለምን ቦረና ላይ አይታረድም? ፍየል በሕይወት እያለ ቢጓዝ ይከሳል እንጂ አይበላሽም። ከታረደ በኋላ ግን እያንዳንዷ ሰዓት ቅዝቃዜ ትፈልጋለች። ስለዚህ ቄራው ከፍየሉ ይልቅ ለአውሮፕላኑ ቀረበ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን የሚበሉት ከአዲስ አበባ የሚላክ እንጀራም እዚሁ ቦሌ በር ነው የሚወጣው።

እንግዲህ አጎትህ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ዓይነት ፋብሪካ?» ነው። ዘይት መጭመቅ ከሆነ ክብደቱ ለጎንደር ይፈርዳል። ከሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ቀሪው ፋጉሎ። ፋጉሎውን ለከብት አድላቢ እዚያው መሸጥ ይችላል። ግን ሒሳቡ ሌላ ቦታ ይሰናከላል። የኛ ሰው ጓዳ ያለው የፓልም ዘይት ነው፤ ስለሚረክስ። ሰሊጡ ደግሞ ሳይጨመቅ ዶላር ያመጣል። ቻይና ትገዛዋለች። እስራኤል ለጣሂኒ ትፈልገዋለች። ውድ ጥሬ ዕቃ ጨምቆ ከርካሽ ዘይት ጋር መወዳደር ኪሳራ ነው። ዘይት ካማረው ኑግ ይሞክር።

ማበጠሪያ ከሆነ ግን ልስማው። ብዙ ላኪዎች ማበጠሪያቸውን አዳማና አዲስ አበባ ዙሪያ ያደረጉት አንዱ ምክንያት ያ የፊርማ ነገር ነው። ላኪው ሰሊጡን የሚልከው ለሰሊጡ ትርፍ ብቻ አልነበረም። በሚያገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ ሊያስመጣ ነው። አንዳንዱ በሰሊጡ እየከሰረም ይልክ ነበር። በሐምሌ 2024 የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ምክንያት ሳስቷል። የቀረው የጭነት ሒሳብ ነው።

የጭነት ሒሳቡ ደግሞ ሞጆን አይደግፍም። ከመተማ የመጣ ሰሊጥ ጎንደር ገብቶ፣ በወረታ ወደ ወልድያ የሚሻገረውን የቻይና መንገድ ይዞ፣ በሚሌና በጋላፊ ጂቡቲ መውረድ ይችላል። ዓባይ በረሃን አያይም፤ አዲስ አበባንም አያይም። ሞጆ ቢወስደው ዞሮ ነው የሚሄደው። ድሮ ፖርት ሱዳንም ነበረ። መተማ ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለናንተ የዚያ ወገን በርም ቅርብ ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ግን ሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ በዚያ በር መተማመን አይቻልም። በእኛም በኩል መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በ2020 በሰሜኑ፣ ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ከተነሳው ጦርነት በኋላ «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» የሚለው ከኪሎ ሜትሩ ይቀድማል። መጋዘን ሙሉ ሰሊጥ ይዞ መንገድ የተዘጋበት ነጋዴ የባንክ ወለዱ አይዘጋለትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ማበጠሪያውን ጎንደር ያድርገው። ትንሽ ይጀምር። ኩሽኔታውን፣ ቺንጋውንና ወንፊቱን በሁለት በሁለት ገዝቶ መጋዘን ያስቀምጥ፤ ቃሊቲ ያለው ተወዳዳሪው ያንን ወጪ የለበትም፣ እሱ ግን አለበት። ጄኔሬተር ሳይገዛ ማሽን አይግዛ።

አንድ ነገር ብቻ ቀድሞ ያጣራ። ወደ ጂቡቲ ከሚወርዱ መኪኖች ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ። ስለዚህ ቁልቁል ጭነት ከሽቅቡ ይረክሳል። ግን ባዶው መኪና ሚሌ መንገድ ላይ ነው ያለው እንጂ ጎንደር አይደለም። ጎንደር ድረስ እንዲመጣለት ስንት ይከፍላል? ይህን ሦስት ሹፌሮች ለየብቻ ይጠይቅ። በክረምት እንዳይጠይቅ ደግሞ። በክረምት መኪና ሥራ ፈትቶ ስለሚቆም ሁሉም እሺ ይላል። ይጠይቅ ካልክ በጥቅምት፣ ሰሊጡ ከማሳ ወጥቶ የመተማ ነጋዴ ሁሉ መኪና ሲሻማ ይጠይቅ። ያኔ የሚነግሩትን ዋጋ ነው ሒሳቡ ላይ የሚጽፈው።